ሰስ፣ ድኩላና ሚዳቋን በሰሜን ሸዋ ፎቶ ማንሳት፦ ከነፋሱ እስከ ሌንሱ

«አጋዘን» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ እንስሳ ይሸከማል። በውጭ አገር ፎቶዎች የምናየው፣ በየዓመቱ ቀንዱ እየረገፈ እንደገና የሚያበቅለው አጋዘን ግን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አይኖርም። የዱር በግም የለም። ካሜራ ይዞ ወደ ጣርማበር፣ ወደ አንኮበር ወይም ወደ መንዝ ጓሳ የሚወጣ ሰው የሚያገኛቸው ቀንዳቸው የማይረግፍ የእኛዎቹ ናቸው፤ ገደሉ ላይ ሰስ፣ ጫካው ጥግ የምኒልክ ድኩላ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ሚዳቋ። ከበግ ወገን የመንዝ በግ አለ፤ የቤት እንስሳ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ጥሩ መለማመጃ ስለሆነ ከታች ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥተነዋል።

መመሪያው የተጻፈው ካሜራውን ለሚያውቅ፣ ነገር ግን ከጉዞ ሲመለስ የሸሸ እንስሳ ጀርባ ብቻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። ጀርባ ብቻ የሚገኝበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሌንስ ማነስ አይደለም። ካሜራው ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት እንስሳው ሰውየውን አሽትቶታል። ስለዚህ ከሌንሱ በፊት ስለ እንስሳቱና ስለ ነፋሱ።

ሦስቱን ለይቶ ማወቅ

ሰስ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ43 እስከ 60 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ከ8 እስከ 18 ኪሎ። የሚቆመው በሰኮናው ጫፍ ላይ ስለሆነ እጅ በማይጨብጠው ቋጥኝ ላይ ይረጋል። ጸጉሩ ወፍራምና ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀለሙ ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት በመሆኑ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ ከድንጋዩ ለመለየት ዓይን ይደክማል። ዋናው ጠባዩ ግን ባልና ሚስት ሆኖ መኖሩ ነው። አንዱን ካዩ ሌላውን በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ ይፈልጉ። አንዱ ሲመገብ ሌላው ዘብ ይቆማል፤ የሚያጋልጥዎ ያላዩት ሁለተኛው ነው። ሲደነግጡ ስለታም ፉጨት እየተቀባበሉ ያሰማሉ።

ሰስ የራሱን ክልል ምልክት ያደርግበታል። ከዓይኑ ፊት ለፊት ካለ ዕጢ የሚወጣውን ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር በቀንበጥ ጫፍ ላይ ይቀባል፤ በጠጡንም አንድ ቦታ እየተመላለሰ ይጥላል። በአፋፉ ስትሄዱ ጉልበት ከፍታ ላይ ጫፉ የጠቆረ ቀንበጥ፣ አጠገቡ አዲስና አሮጌ የተቀላቀለበት የበጠጥ ክምር ካገኛችሁ እንስሳው ተመልሶ የሚመጣበትን ቦታ አገኛችሁ ማለት ነው። እንስሳውን እያሳደዱ ከመዞር ይህን ቦታ ፈልጎ በሩቅ መጠበቅ እጅግ ይሻላል።

የምኒልክ ድኩላ የኢትዮጵያ ደጋ ድኩላ ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ይሆናል፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ቀላ ትላለች። ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይሄዳል፤ ቀን ጫካ ውስጥ ውሎ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ወደ ጫካው ጥግ ይወጣል። ሲደነግጥ እንደ ውሻ የሻከረ ጩኸት ስለሚያሰማ ብዙ ሰው «የማን ውሻ ነው?» ብሎ ያልፈዋል።

ሚዳቋ ከሦስቱ አስቸጋሪዋ ናት። ሰው ሲመጣ ተኝታ ትጠብቅና እግር ሥር ሲደርስ ተወርውራ ትወጣለች፤ እያጣመመች ትሮጣለች። ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ ከሄደች በኋላ ቆም ብላ ወደ ኋላ ትመለከታለች። ፎቶው ያለው በዚያች ቅጽበት ነው። ስትሮጥ ጣቱን ካሜራው ላይ ተጭኖ የጨረሰ ሰው፣ ስትቆም ካሜራው የቀደሙትን ምስሎች ካርድ ላይ እየጻፈ ስለሚሆን ያመልጠዋል።

የት፣ መቼ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ አምባ ነው። መንገዱ ጣርማበር ላይ ከደሴው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ መሃል ሜዳ የሚወስደው ነው። ሕዝቡ ለዘመናት ቀሮ በተባለው ባህላዊ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ቦታ ስለሆነ አሁንም በማኅበረሰቡ ይተዳደራል። ሜዳው ጓሳ ሣርና ጅብራ ነው፤ ምሥራቃዊ ጠርዙ ወደ ገደል ይወርዳል። ሰስ በገደሉ ጠርዝ፣ ሚዳቋ በቁጥቋጦው ይፈለጋሉ። ለድኩላ ግን ወፍ ዋሻ ይሻላል። ይህ ደን በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ባለው ቁልቁለት ላይ ያለ የጥድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ጫካ ነው። ዳሩ ከእርሻ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ የድኩላ መውጫ ነው።

ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ሰስ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ቋጥኝ ላይ ይወጣል። በበልግ ወራት ከቆላው የሚወጣው ጉም አፋፉን ለሰዓታት ይሸፍነዋል፤ ጉም ውስጥ ግሩም ፎቶ ይገኛል፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አንመክርም። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው መንገዱን፣ ዝናቡ ካሜራውን ይፈትናል፤ ይቅር።

ብርሃኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ትልቁ የጣርማበርና የአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ዝቅታ ነው የሚያየው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጨረር ይቀበላል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጥላ ይወርድበታል። ወደ ምዕራብ የሚያዩት፣ በጀማ ወንዝ በኩል ያሉት ገደሎች ተቃራኒ ናቸው። ጠዋት ምሥራቅ፣ ማታ ምዕራብ የሚያይ ገደል ይምረጡ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በእኛ አገር ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ከ3 ሰዓት በኋላ ድንጋዩ መጋል ይጀምርና አየሩ ይርገበገባል፤ በ100 ሜትር ርቀት የተነሳ ምስል ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ይህን ምንም ሌንስ፣ ምንም ሶፍትዌር አይጠግነውም።

ነፋሱ

እንስሳው ቢያይዎ ምን እንደሆኑ እስኪለይ ይቆማል፤ ቢሰማዎ ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል፤ ካሸተተዎ ግን ጥያቄ የለውም፣ ይሄዳል።

ገደል ላይ ነፋስ ሥርዓት አለው። ሌሊት የቀዘቀዘው የደጋ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይፈሳል። ፀሐይ ስትወጣ ምሥራቅ የሚያየው ግድግዳ ቶሎ ይሞቃል፤ አየሩ ይቀልና ሽቅብ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ጸጥ የሚልበት ወይም ወዲያና ወዲህ የሚዋልልበት ጊዜ አለ። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሽታውን በቀጥታ ከታች ወዳለው ሰስ እያፈሰሰ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በሌሊት ተነስተው፣ ከማንም ቀድመው ደርሰው፣ ራሳቸው እንስሳውን አባረው «ዛሬ አልወጣም» ይላሉ።

መፍትሔው ይህ ነው፦

1. ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ የተነፋ ደረቅ አመድ ይያዙ። ክዳኑን በመርፌ ይብሱት። ሲጨምቁት የሚወጣው ብናኝ በፊትዎ ላይ የማይሰማዎትን ነፋስ እንኳ ያሳያል።

2. በጨለማ ከደረሱ ወደ ጠርዙ አይቅረቡ። ከ100 ሜትር ባላነሰ ወደ ኋላ፣ ሰሱ ይኖርበታል ብለው ከሚያስቡት ቦታ ወደ ጎን ሆነው ይቀመጡ።

3. ፀሐይ ከወጣች በኋላ በየ10 ደቂቃው አመዱን ይሞክሩ። ብናኙ ከገደሉ ወደ እርስዎ መምጣት ሲጀምር፣ ጥርት ባለ ቀን ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ መጠጋት ይጀምሩ።

4. አካባቢውን ሁሉ የሚያዳርስ ነፋስ የሚነፍስበት ቀን ከሆነ የገደሉ ሥርዓት ይፈርሳል። ያን ቀን አመዱን ብቻ ይመኑ። ነፋሱ ከጀርባዎ ከሆነ ዞረው በሌላ በኩል ይምጡ፤ መንገዱ በ1 ሰዓት ቢረዝም እንኳ ይዙሩ።

ጫካ ጥግ ላይ ለድኩላ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ነፋሱ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ይሽከረከራል። ስለዚህ ከጫካው ጥግ 40 ወይም 50 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ክፍት ቦታው ላይ፣ ነፋሱ ከጫካው ወደ እርስዎ በሚመጣበት በኩል መቀመጥ ይሻላል። ሽቶ፣ ሽታ ያለው ሳሙናና ሎሽን ከዋዜማው ይቅሩ።

ከሰው ጋር

እረኛው ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል። መጀመሪያ ግን ሰላምታ። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ከብቱ፣ ቤተሰቡ ደኅና ነው?» ካሉ በኋላ ነው ጥያቄው። «ሰስ አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ሞልቷል» ነው። «ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት ያዩት መቼ ነው? የትኛው ድንጋይ ላይ ነበር? ወዴት ነው የሄደው?» ብለው ይጠይቁ። ለልጆች በእንስሳ ልክ ገንዘብ አይክፈሉ። «ላሳየዎት» ብሎ ብር ያገኘ ልጅ በማግስቱ ሰሱን ከገደሉ አባሮ ያመጣልዎታል፤ ይህ እንስሳውንም ልጁንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ጓሳ ላይ መግቢያውን ከፍለው፣ ከጽሕፈት ቤቱ አስጎብኚና ጠባቂ ይዘው ይግቡ። የትኛው ክፍል እንደተዘጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለንግድ የሚሆን ቀረጻ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም፣ ቢፈቀድ እንኳ ሰስን ከገደል ስለሚያስደነብር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው እዚያው ወዳለ ሰው ደውለው ያጣሩ።

ስለ ልብስ አንድ ጥብቅ ምክር፦ የወታደር መልክ ያለው ዝንጉርጉር ልብስ በፍጹም አይልበሱ። የውጭ መጻሕፍት ይመክሩታል፤ በእኛ አገር ሰውን ያስደነግጣል፣ እርስዎንም ጣጣ ውስጥ ይከታል። ደግሞም አያስፈልግም። ሰኮና ያላቸው እንስሳት ቀይና አረንጓዴን እንደኛ አይለዩም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ። ቡናማ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ልብስ ይበቃል። ሰማያዊ ጂንስና ጃኬት፣ ነጭ ነጠላና ጋቢ አይሆኑም።

ዕቃው

ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር ይሁን ለሚለው ስሌቱ ቀላል ነው። መካከለኛ ሴንሰር ባለው ተራ ካሜራ ላይ 400 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥመው በ50 ሜትር ርቀት ቢያነሱ፣ ፍሬሙ ከላይ እስከ ታች 2 ሜትር ያህል ይይዛል። ሰስ ከነጆሮው 75 ሴንቲሜትር ቢሆን ከፍሬሙ ሲሶውን ትንሽ አልፎ ይሞላል። ጥሩ መጠን ነው፤ ቋጥኙም ገደሉም ይታያል። በ100 ሜትር ግን አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ይህንኑ ለማግኘት ወደ 38 ሜትር መጠጋት ያስፈልጋል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ያለው ሰው በዚያው ርቀት አንድ ጊዜ ተኩል የሚረዝም ሌንስ ይፈልጋል። ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ርካሽ ሌንስ ያለው ሰው ሊሠራ ይችላል፤ ብዙ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠየቀው። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ዙም አያድርግ፤ ሰፊውን ገደል አንስቶ እንስሳውን ትንሽ ነጥብ አድርጎ ያስገባው።

ትራይፖድ ገደል ላይ ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል። የጨርቅ ከረጢት ሰፍተው ባዶውን ይውሰዱና መሃል ሜዳ ወይም ደብረ ሲና ገበያ ሲደርሱ 2 ኪሎ ገብስ ወይም ባቄላ ይሙሉበት። ሌንሱን ከረጢቱ ላይ፣ ከረጢቱን ድንጋዩ ላይ። በመኪና መስኮት ላይም ይሠራል፤ ግን ሞተሩን ያጥፉ፣ ንዝረቱ ምስሉን ያደበዝዘዋል። መሄጃ ሲደርስ ገብሱን ለአስጎብኚው ቤት ይተውት።

የበግ አጎዛ ይያዙ። ውርጭ በያዘው መሬት ላይ 2 ሰዓት ያለ አጎዛ የሚቀመጥ ሰው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ጥርት ያለ ፎቶ አያነሳም። 3 ባትሪ ይኑርዎት፤ 2ቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ገላዎ ጋ ይቀመጡ። ብርድ ባትሪን ያዳክማል፤ አለቀ ያለው ባትሪ ሲሞቅ ጥቂት ምስል ሊያነሳ ይችላል። ስንቅ በሶ ይሁን። ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ ፌስታል ከሁሉ የባሰ ነው፣ ኮሽታው ሩቅ ይሰማል። ሁሉን በጨርቅ ይጠቅልሉ።

መጀመሪያ የመንዝ በግ

የመንዝ በግ ትንሽ፣ ሻካራ ጸጉር የለበሰ፣ ላት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ አንዳንዴም ነጭ ነው። ቁመቱ ከሰስ ብዙ አይርቅም፤ ጥቁሩ ጸጉር የወንድ ድኩላን ችግር በትክክል ያሳያል። መንጋው ሲሰማራ ባለቤቱን አስፈቅደው አንድ ጠዋት ይለማመዱ። «ዓይን ይነካብኛል» የሚል ሰው አለ፤ እምቢ ካለ አመስግነው ይለፉ። ከፈቀደ «እግዜር ያብዛልዎ» ማለት አይርሱ።

ልምምዱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በ30፣ በ50 እና በ80 ሜትር ቆመው አንድ በግ ያንሱና ምን ያህል ፍሬም እንደሚሞላ ዓይንዎን ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ ጥቁር በግ ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ግራጫ ሊያደርገው ብርሃን ይጨምራል፤ የብርሃን ማካካሻውን ወደ −0.7 ወይም −1 ዝቅ አድርገው ያወዳድሩ። ነጩን ደግሞ ወደ +0.7 ከፍ ያድርጉ። ሦስተኛ፣ በጉ ሣር ውስጥ እየጋጠ ሳለ ፎከሱን ዓይኑ ላይ ያሳርፉ። ካሜራው ከፊት ያለውን ሣር እየያዘ ካስቸገረ ወደ አንድ ነጠላ የፎከስ ነጥብ ይቀይሩ። አዲሶቹ ካሜራዎች የእንስሳ ዓይን የሚከተል ፎከስ አላቸው፤ ክፍት ቦታ ላይ ግሩም ነው፣ ቅጠል ሲጋርደው ግን ይጠፋበታል። ስለዚህ በጣትዎ ሳያዩ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር እስኪችሉ ይለማመዱት።

የጠዋቱ ሥራ፣ ከጨለማ እስከ 3 ሰዓት

ዋዜማውን ቦታውን በቀን ያዩታል። የጠቆረ ቀንበጥ፣ በጠጥ፣ ዱካ ይፈልጋሉ። የሰስ ዱካ በሰኮና ጫፍ ብቻ ስለሚረግጥ ሁለት ትናንሽ ሞላላ ነጥቦች ይመስላል። ከዚያ የሚቀመጡበትን ድንጋይ ይመርጣሉ፦ ጀርባ የሚሰጥ፣ ከሰማዩ ጋር ጭንቅላትዎን የማያጋልጥ፣ ከምልክቱ 40 ወይም 50 ሜትር የሚርቅ። አፋፍ ላይ ቆሞ የሚታይ የሰው ቅርጽ ከምንም ቀለም ይበልጥ ያስደነግጣል።

ማታውኑ ካሜራውን ያዘጋጁ። የሹተር ፍጥነት 1/800፣ አፐርቸር 6.3 ወይም ሌንስዎ የሚከፍተውን ያህል፣ አይኤስኦ አውቶማቲክ ሆኖ ጣሪያው 3,200 ወይም 6,400። ፎከሱ ተከታታይ፣ ማንሻው ተከታታይ ግን ዝግ ያለ፣ ፋይሉ ሮው። ድምፅ የሌለው ሹተር ካለ ይክፈቱት፤ ሲዘልል ለማንሳት ግን ወደ ሜካኒካሉ ይመለሱ፣ ድምፅ አልባው በፍጥነት የሚንቀሳቀስን አካል ሊያጣምም ይችላልና። ፎከስ ሲያገኝ ጢጥ የሚለውን ድምፅ፣ ረዳት መብራቱንና የስልክዎን ጥሪ ያጥፉ።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሱ። በጨለማ ብቻዎን አይሂዱ፤ ጅብም ገደልም አለ። ቀስ ብለው ይውጡ፤ በ3,300 ሜትር ከፍታ የሮጠ ሰው ልቡ እየመታ ሌንሱን ያንቀጠቅጣል። ከደረሱ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ሳያነሱ ይተንፍሱ። ትንፋሽዎ መመልከቻውን እንዳያደበዝዝ በአፍንጫ፣ ወደ ታች።

ነፋሱ ሲመች መጠጋት ይጀምሩ። በቀጥታ ወደ እንስሳው አይሂዱ፤ ሰያፍ፣ ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፉ ይመስል። ዓይንዎን አይትከሉበት። ዘቡ ቀና ብሎ ከተመለከተዎ ባሉበት ይርጉ፤ አንድ እግር አየር ላይ ቢሆን እንኳ ዝግ ብለው ያሳርፉትና ይቁሙ። ራሱን ዝቅ አድርጎ መመገብ ወይም ማመስኳት እስኪጀምር ድረስ አይንቀሳቀሱ። ይህ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ 5 እርምጃ፣ እንደገና መቆም። አንድ ፉጨት ቢሰሙ ይቀመጡ። ፉጨቱ ከተደጋገመ ያን ቀን ይበቃል፤ ወደ ኋላ ይመለሱ።

መጀመሪያ በሩቁ ጥቂት ያንሱ፣ ከተባረረ ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ። ከዚያ ወደ እንስሳው ዓይን ከፍታ ዝቅ ይበሉ፤ ቁልቁል የተነሳ ሰስ ፍየል ይመስላል። ከጀርባው ድንጋይ ሳይሆን የሩቅ ሸለቆ እንዲሆን አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ማለት ብቻውን ፎቶውን ይለውጠዋል፤ ግራጫው እንስሳ ከሰማያዊው ጥልቀት ተለይቶ ይወጣል። ቆሞ ከሆነ ሹተሩን ወደ 1/500 ዝቅ አድርገው አይኤስኦ ይቆጥቡ። ጡንቻው ሲሰበሰብና ወደ ሌላ ቋጥኝ ሲያይ ሊዘልል ነው፤ 1/2,000 አድርገው የሚያርፍበትን ቦታ ፍሬሙ ውስጥ ያስገቡ።

በመመልከቻው እያዩ አንድ እርምጃ አይራመዱ። ገደሉ ጠርዝ ላይ ያለው ሣር በጤዛና በውርጭ ያዳልጣል። ጉም በድንገት ከሸፈነዎት ባሉበት ይቀመጡ፤ እስኪገለጥ ይጠብቁ።

ምሽት ላይ ለድኩላ

ከ10 ሰዓት በፊት ቦታዎን ይያዙ፤ ድኩላው ከጫካው ውስጥ ሆኖ ክፍቱን ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ይመለከታል። እርስዎ ከእሱ በኋላ ከመጡ አይወጣም። ሲወጣም መጀመሪያ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው። ያኔ ካሜራውን አያንሱ፤ ቀድሞ ዓይንዎ ላይ መሆን ነበረበት። ሁለቱም የፊት እግሮቹ ከጥላው ወጥተው ራሱን ሲያጎነብስ ያንሱ። ጥቁሩን ወንድ ከበስተኋላው ጨለማ ጫካ ጋር ካነሱት ካሜራው ሁሉን ያበራዋል፤ −1 ያስፈልጋል። ጉም ወይም ሰማይ ከኋላው ከሆነ ደግሞ ጥቁር ጥላ እንዳይሆን +1። ከ12 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ይወድቃል። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ የቆመ ድኩላ በ1/125 ከገብስ ከረጢት ላይ ሊነሳ ይችላል፣ 10 አንስተው 2 ጥርት ብለው ቢወጡ ጥሩ ነው።

ግልገል ካገኙ

ሦስቱም እንስሳት ግልገላቸውን ደብቀው ነው የሚያሳድጉት። ብቻዋን ሣር ውስጥ ተጣጥፋ የተኛች ግልገል የጠፋች አይደለችም፤ እናቷ በቅርብ ርቀት ሆና እርስዎ እስኪሄዱ እየጠበቀች ነው። አይንኩ፣ ሣሩን አይግለጡ፣ ለእረኛ ልጆችም አያሳዩ። ካሜራውን ሳያነሱ በመጡበት ይመለሱ። የሰው ሽታና ዱካ ቀበሮንና ጅብን ወደ ግልገሏ ሊመራ ይችላል።

ፎቶው ሲበላሽ

ምስሉ ሁሉ ከደበዘዘ እጅ ተንቀጥቅጧል ወይም ሹተሩ ዘግይቷል። ሣሩ ጥርት ብሎ እንስሳው ከደበዘዘ ፎከሱ ከፊት ይዟል። ሁሉም ነገር የተዛባ፣ ጠርዙ የሚዋኝ የሚመስል ከሆነ የአየሩ መርገብገብ ነው፤ በማግስቱ ቀደም ብለው ይምጡ። ሌንሱ ውስጥ ወተት የመሰለ ጭጋግ ካዩ ደግሞ የቀዘቀዘ ካሜራ እሳት ወዳለበት ቤት አስገብተዋል። ከመግባትዎ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስሮ፣ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ 1 ሰዓት ያህል ሳይፈቱ መተው ነው። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ያርፋል፣ ሌንሱ ይተርፋል።

ፎቶውን ከመለጠፍዎ በፊት ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበውን የቦታ መለኪያ ያጥፉ። «መንዝ» ወይም «አንኮበር» ማለት ይበቃል፤ የቋጥኙን ስም ለአዳኝ መንገር አያስፈልግም። ለራስዎ ግን ማስታወሻ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ የተገለበጠበትን ደቂቃ፣ ሰሶቹ የወጡበትንና የገቡበትን ድንጋይ ይጻፉ። ሰስ ክልሉን ብዙ ስለማይለቅ በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ድንጋይ ሲመለሱ ያው ባልና ሚስት ሊጠብቁዎት ይችላሉ፤ ያኔ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚዞር አስቀድመው ያውቃሉ።